በገብርኤል ቀን የታረመ ጎመን

አክስቴ እልፍነሽ ፈሪ ነበረች። ልሰድባት ብዬ አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ጅብ ትፈራለች፣ አዳማ ዐሥር ዓመት ኖራም ባቡሩ ሲጮህ ታማትባለች። የማትፈራው ነገር ቢኖር አረም ብቻ ነበር። አረም ስታይ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በርከክ ትልና ሰርዶውን እየረገመች ከነሥሩ ትመዘዋለች።

ባሏ ሐዲድ የሚጠግን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ወሩን ሙሉ አዋሽ በኩል ይከርማል። እሷ ደብሩ በፈቀደላት ቁራሽ ጓሮ ላይ ጎመን ተክላ ለጣቢያው ሰዎች ትሸጣለች፤ የምታድረው በዚያ ነው። የነቀለችውን አረም በጉሎው አጥር ላይ አሻግራ ለጎረቤቷ ለፋዲላ ላም ትወረውራለች። ፋዲላ የአርሲ ሰው ናት፣ እስላም። ባሏ ሞቶባት ያቺን ላም ይዛ የቀረች ሴት ነበረች። ወተቱን እየሸጠች ትኖራለች፤ ለአክስቴም አታጓድልባትም።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ በጥቅምት ዘውድ ሊጭኑ ነው እየተባለ በሚወራበት ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡም አላባራ አለ፣ በዓሉም አላባራ አለ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲወጣ ሥላሴ ይገባል፣ ሥላሴ ሲወጣ ሚካኤል። አክስቴ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ሰርዶው ግን በዓል አያውቅም። ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ሲደርስ፣ ጎመኑ በአረም ታንቆ ቢጫ ሆኗል።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጓሮ ገባች። ቆማ አየችው። «ብረት ካልነካው ሥራ አይባልም» ብላ ለራሷ ፈረደችና መኮትኮቻውን ትታ በጣቷ ጀመረች። ሐሳቧ አንድ መደብ ብቻ ነበር። ቀና ስትል ግን ስድስቱም መደብ ጠርቷል። አረሙን እንደ ልማዷ በአጥሩ ላይ ወረወረችው።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ከሐዲዱ ማዶ ያለውን በቆሎ ቅጠል ሳያስቀር አወረደው። አክስቴ ጓሮ ላይ ግን አንዲት የበረዶ ፍሬ እንኳ አልወደቀችም። በበዓል የሠራ ሰው በመንደሩ ላይ በረዶ እንደሚያወርድ ሕፃን ልጅም ያውቃል። «ምነው በኔ ላይ በወረደ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

በማግስቱ የደብሩ ቄስ ገዘቱ። በገብርኤል ቀን መሬት የነካ፣ ሲነካም አይቶ የደበቀ፣ ውግዝ ይሁን አሉ። በቆሏቸው ያለቀባቸው ጭቃ ሹሙ አቶ መርዳሳ ደግሞ ጓሮ ለጓሮ ዞረን አዲስ የታረመውን እናያለን፣ ያጠፋው ሰው ይክሳል አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ላብ አጠመቃት። መሬቱ የደብሩ ነው፤ ቢነጥቋት ወዴት ትገባለች? ያን ለት አመሻሽ ላይ አንድ ሥራ ሠራች፤ ዛሬም ሳስበው ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። ከመንገድ ዳር ሰርዶና መጭ ከነሥሩ ነቅላ በነጠላዋ ተሸክማ መጣች፤ በጎመኑ መካከል መልሳ ተከለችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግመው የኖረችውን ሣር እንደ ችግኝ እያቀናች፣ አፈሩን በመዳፏ እየደመደመች። ዝናቡ ደግሞ አጠጣላት።

ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ ፋዲላ በአጥሩ ላይ ስትጣራ አልሰማሁም ብላ ጓዳ ትገባለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በሦስተኛው ቀን አቶ መርዳሳ ቄሱንና የመንደሩን ሰዎች ይዘው መጡ። ጓሮዋን ከዳር እስከ ዳር አዩ። አረም በአረም ነው። አቶ መርዳሳ «ይቺ እንኳ በዓሉን አክብራለች» ብለው አለፉ። አክስቴ ትንፋሿ ተመለሰ።

ትንፋሿ የቆየው ግን እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነው። ፋዲላ ግቢ ውስጥ፣ ላሚቱ ከታሰረችበት አጠገብ፣ ስድስት መደብ ሙሉ አረም ከነሥሩ ጠውልጎ ተከምሯል። በልታ አልጨረሰችውም። ፋዲላ ደጇ ላይ ጥቂት የበቆሎ እግር ነበራት፤ ሥሩም ከአረም ንጹሕ ነበር። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

«በዓሉ የኔ እንዳልሆነ ያውቃሉ፣ ጌታው» አለች ፋዲላ። «ያም ሆኖ ወላሂ፣ በዚያ ቀን አፈር አልነካሁም።»

«በረዶው የማንን በዓል ነው ብሎ አልጠየቀም» አሉ አቶ መርዳሳ። «አረሙ ታዲያ ከየት መጣ?»

ፋዲላ ወደ አጥሩ ዞር ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ላሚቱ በቆሎው ላለቀባቸው ሰዎች ካሳ ትሁን ተባለ። አንድ ጎረምሳ ገመዱን ከችካሉ መፍታት ጀመረ፤ ላሚቱም ወደ ፋዲላ እያየች ጮኸች።

አክስቴ እንዴት አጥሩን እንዳለፈች አታስታውስም፤ ክንዷ በጉሎው እንጨት ተልጧል። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ነኝ!» አለች። «አረሙ የኔ ነው! በጣቴ ነው የነቀልኩት፣ ብረት አላስነካሁም፣ አባቴ፣ ይፍቱኝ!» ቄሱ እግር ሥር ወደቀች። ጓሮሽ ያውና አረም በአረም አይደለም ወይ አሏት። መልሳ መትከሏን ስትናገር የሳቀ ሰው አልነበረም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ላሚቱ ትመለስ፣ ጓሮው ግን ለከብት ይለቀቅ፣ እልፍነሽም እስከ መስቀል እንዳትነካው። አቶ መርዳሳ በእጃቸው አጥሩን ጣሱና ቅርብ የነበረችውን ላም ነዱ። ቅርብ የነበረችው የፋዲላ ላም ናት። እየሮጠች ገብታ ጎመኑን በላች፤ ሰርዶውን አልነካችውም። ፋዲላ «ኧረ በአላህ!» እያለች ገመዱን ብትጎትትም አልቻለቻትም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በተረገጠው መደብ መካከል ቀሩ።

«ፋዲላዬ፣ ተናገርኩ እኮ» አለች አክስቴ።

«ተናገርሽ። ገመዱ ሲፈታ።» ፋዲላ ላሟን እየሳበች ቆም አለች። «ያን ለት ሣሩን ስትተክይው በአጥሩ አይቼሻለሁ፣ እልፌ። ነገ ትነግራቸዋለች አልኩ። ከነገ ወዲያ ትነግራቸዋለች አልኩ። ብጠራሽ ጓዳ ገባሽ። አረምሽ እኔ ግቢ ተከምሮ ሦስት ቀን አልተኛሁም፤ እኔም እኮ ፈርቼ ነበር።»

አክስቴ በዚያ ሦስት ቀን ከሷ ሌላ የሚፈራ ሰው መኖሩን አንዴም አላሰበችም። ይህን ስትነግረኝ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። «ገብርኤልስ ይቅር ብሎኛል» ትላለች፤ ፋዲላ ይቅር ብላት እንደሆነ ስጠይቃት ግን ፊቷን ታዞራለች።