የሚኒባሱ መጋረጃ

ብስክሌትን ከመኪና ጀርባ አስጠግቶ መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም። ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር በምጋራት ክፍል ተኝቼ፣ የውጭ አገር ተወዳዳሪዎች ከሞተር ኋላ ተለጥፈው ሲለማመዱ በስልኬ አይቼ ነው የጀመርኩት። ብስክሌተኛን የሚያደክመው መንገዱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ከፊት ያለ መኪና ነፋሱን ሲሰነጥቀው ከኋላው ነፋስ የማይገባባት ትንሽ ቦታ ይተዋል። እዚያች ቦታ የገባ ሰው ብቻውን በማይደርስበት ፍጥነት ይነዳል፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያንን ፍጥነት ይለምዳል። ችግሩ ቦታዋ ጠባብ መሆኗ ነው። በፊት ጎማዬና በመኪናው ፓራውልት መካከል ከአንድ ክንድ በላይ ከተከፈተ ነፋሱ ገብቶ ደረቴን ይመታኛል። ከዚያ ካነሰ ደግሞ ሹፌሩ ሳላውቅ ፍሬን የያዘ ዕለት የምጋጨው ከብረት ጋር ነው።

ሞተር የሚነዳልኝ ሰው ስላልነበረኝ ሚኒባስ ተከተልኩ። ኑዝላ ሰፈር የሚኖር አንድ የወሎ ሰው በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችንን ሴቶች ጁምዓ ጁምዓ ለዑምራ ወደ መካ ይወስድ ነበር። የሚሄደው በአሮጌው መንገድ ነው፤ ጠዋት ላይ መኪና አይበዛበትም። እህቴም ማዳሟ እስከ ዐስር ሶላት፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ስግደት፣ ስለምትለቃት በየሳምንቱ ከእሱ ጋር ትሄድ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። በጣም ስለምጠጋ ሹፌሩ በስፖኪዮ አያየኝም። እኔም ከፊት ያለውን አላይም፤ የማየው የኋላውን በር ብቻ ነው። የፍሬን መብራቱን ማመን አይቻልም። ሹፌሩ ፍሬን ከመርገጡ በፊት ፍጥነቱን የሚቀንሰው በማርሽ ስለሆነ፣ መብራቱ እስኪበራ እኔ ደርሼበታለሁ። ስለዚህ እህቴ መጨረሻው ወንበር ላይ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትቀመጥና በመስታወቱ ትነግረኛለች። መዳፏን መስታወቱ ላይ ከለጠፈች መኪናው ሊቀንስ ነው። ጣቷን ካሽከረከረች ሊጨምር ነው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከጠቆመች ጉድጓድ አለ። ሹፌሩ ከፊት ይጮኻል፣ እሷ በእጇ ታስተላልፍልኛለች። ሌሎቹ ሴቶችም ለምደውኝ ነበር፤ ስሜን ትተው «ጭራችን» ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ወደብ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ውሌ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ከፊሌ፣ በስሙ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ እንደማያድስልኝ ነገረኝ። ሌላ ከፊል ካላገኘሁ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመቶልኝ ወደ አገሬ መመለሴ ነው። የብስክሌት ሱቅ ያለው አንድ የጅዳ ሰው ደግሞ የራሱ የውድድር ቡድን ነበረው፤ የሚወዳደርለትም የሚጠግንለትም ሰው ይፈልጋል። በትርፍ ጊዜው ከቡድኑ ጋር የሚነዳ አንድ የአገራችን መሐንዲስ ስለ እኔ ነገረው። ሰውዬው አላመነም። «ከከተማው መውጫ ማደያ ተነስቶ ሙስሊም ያልሆነ እስከሚታጠፍበት ምልክት፣ በስልሳ ፍጥነት፣ ከመኪናው ሳይላቀቅ ይድረስ። አንተ ከኋላ ሆነህ እይ። ካደረገው ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ወደ እኔ አዛውራለሁ» አለው። ምልክቱን የመረጠው መሐንዲሱ ክርስቲያን ስለሆነና ከዚያ አልፎ ወደ መካ መግባት ስለማይፈቀድለት ነው። ውሌ ሳያልቅ የቀረኝ ጁምዓ አንድ ብቻ ነበር።

በዚያ ጁምዓ ዘግይተን ተነሳን። አንዲት አዲስ ተሳፋሪ ነበሩ፤ በዕድሜ ከሌሎቹ ጠና ያሉ፣ ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት አርጅተው ከዕባን ግን አንድም ቀን ያላዩ ሴት። በዚያ ሳምንት ጠቅልለው ወደ ወሎ ሊገቡ ስለሆነ ማዳማቸው እስከ ዐስር ለቀቀቻቸው፤ ለዚያውም መጀመሪያ ግቢውን እንዲያጥቡ አድርጋ። ማደያው ጋ ሲደርሱ የቀሚሳቸው ጫፍ ገና እርጥብ ነበር። ሄደው ከእህቴ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ጭራችን፣ በልተሃል?» አለችኝ አንዷ በመስኮት።

«ተዪው፣ ዛሬ ፈተና አለበት» አለች እህቴ።

መሐንዲሱ መኪናውን ከኋላዬ አቁሞ ወረደ። የጎማዬን አየር በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየ። «እኔ ያየሁትን ነው የምነግረው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከለቀቅክ፣ ለቀቀ ነው የምለው። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምም» አልኩት።

ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። «ያላ ያ ጀማዓ! ጁምዓ ሊያመልጠን ነው!»

የመጀመሪያው ግማሽ መልካም ነበር። የእህቴ ጣት ተሽከረከረ፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እኔም ማርሽ ቀይሬ ገባሁ። ከኪሎ ሜትር ኪሎ ሜትር የናፍጣው ሽታና ሙቀቱ ፊቴ ላይ እኩል ሆነ። ያ እኩልነት ነው ትክክለኛ ቦታዬ ላይ መሆኔን የሚነግረኝ፤ ሽታው ከሳሳ ርቄያለሁ ማለት ነው። ከግራ በኩል የጎን ነፋስ ስላለ በመኪናው ቀኝ ጥግ ትንሽ ሸሸግ ብዬ ነበር የምነዳው። ዓይኔ ከእህቴ እጅ አልተነሳም።

ከዚያ አንድ ሌላ እጅ ከጎን መጣና መጋረጃውን ዘጋው።

መጋረጃው ቡናማ፣ የተጨማደደ ጨርቅ ነው። ከዚያ በፊት ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። ለአንድ አፍታ ይከፈታል ብዬ ጠበቅሁ። የጨርቁ ጫፍ ተወዛወዘ፣ የእህቴ ጣቶች ሲስቡት፣ ሌላ እጅ መልሶ ሲይዘው ታየኝ፤ ከዚያ ጭራሽ ጸና። ስልሳ ላይ ነን። ከፊቴ ምን እንዳለ አላውቅም። ከኋላዬ የመሐንዲሱ መኪና አለ፣ ከእሱም ኋላ ከወደብ የወጡ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ሲያጓሩ ይሰማኛል።

መልቀቅ ማለት ኢቃማዬን መልቀቅ ነው። አልለቀቅሁም። በጆሮዬ ልነዳ ሞከርኩ። የሞተሩ ድምፅ እኩል ነው፣ እኩል ነው፣ አሁንም እኩል ነው። ድምፁ በጣም ትንሽ፣ ሰው ትንፋሹን እንደሚውጥ ያህል ዝቅ አለ። አቀበት ሊሆን ይችላል። ማርሽ ሊቀይር ይሆናል። ወይም ደግሞ ሊቆም ነው።

ለቀቅሁ። ወደ ቀኝ ወጣሁና ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ነፋሱ እንደ ግድግዳ መታኝ። ወዲያው ሚኒባሱ ጎማው እያፏጨ ቆመ። የብስክሌቴ የፊት ጎማ ከመንገዱ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ትከሻዬ ቅድም ተለጥፌበት ከነበረው በር ትይዩ ነበር። ከሚኒባሱ ፊት አንድ መኪና የጫነው ሲሚንቶ ፈስሶ መንገዱን ሞልቶት፣ ሰዎች በእጃቸው ቁሙ ቁሙ ይሉ ነበር።

መሐንዲሱ አጠገቤ መጥቶ አሸዋው ላይ ቆመ። አይቶኝ ደህና መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ «ለቀቅክ» አለኝ።

«ለቀቅሁ።»

እህቴ ከሚኒባሱ እያለቀሰች ወረደች። «ክፈቱ እያልኳቸው እጄን ያዙኝ! መዳፌን ልለጥፍለት እጄን ያዙኝ!»

ትልቋ ሴት ከኋላዋ ወረዱ። አልፈሩም፣ አላፈሩም። «ኢሕራም ላይ ነን፤ ለዑምራው ስንል ፊታችን ተገልጧል» አሉ። «ጎረምሳ አፍጥጦ ያየናል። ከማደያው ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለም! ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እትዬ፣ እሱ ፊታችንን አይደለም የሚያየው። እጄን ነው!»

«እጅስ ያንቺ አይደለም?»

ከውስጥ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹ ዝም አሰኟት። እህቴ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች እጇ ለእኔ ምን እንደሆነ፣ እሷ ካልነገረችኝ የት እንደምጋጭ አስረዳቻቸው። ሴትየዋ የሚኒባሱን የኋላ በር አዩ፣ ከዚያ የእኔን ጎማ፣ ከዚያ የፈሰሰውን ሲሚንቶ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ከዚህ ቢቀጥልስ?» አለ ሹፌሩ ለመሐንዲሱ።

«የተባለው ከማደያው ነው» አለ መሐንዲሱ። «ግማሹን አይቼ ሙሉ ነው አልልም።»

ወደ ማደያው መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሹፌሩ ነው የተናገረው። «ከተመለስን ሐረም፣ ትልቁ መስጊድ ውስጥ፣ ቦታ የለም። ጎዳና ላይ ነው የምንሰግደው። ጠዋፉንም፣ ከዕባን ሰባት ጊዜ መዞሩን፣ ከጁምዓ በኋላ በግፊያ መሀል ነው የምታደርጉት።»

«ሂዱ» አልኩ። «ኸላስ፣ ሂዱ። አለቀ።»

ትልቋ ሴት ወደ እህቴ ዞሩ። «ይህ ልጅ ካልጨረሰ ምን ይሆናል?»

«ኹሩጅ ይመቱለታል፣ እትዬ። የቀረው ዛሬ ብቻ ነው።»

«መልሰው» አሉ ሹፌሩን።

«እትዬ፣ ለእርስዎ እኮ ያለችው ይቺ አንድ ቀን ናት።»

«አንድ ቀን መሆኗን አንተ ልትነግረኝ? መልሰው አልኩህ! የዘጋሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ። «እናንተስ? የምትቸኩል አለች?»

ከሴቶቹ አንዷ ስልኳን አይታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ማንም አልወረደም፤ እምቢ ያለችም የለችም።

ብስክሌቱን በመሐንዲሱ መኪና ላይ ጭነን ተመለስን። እግሬ እየቀዘቀዘ ነበር፤ ባቴን እያሸሁ ውሃ ጠጣሁ። ማደያው ስንደርስ ፀሐይዋ ጠንክራለች፣ የጭነት መኪኖቹም በዝተዋል። ትልቋ ሴት እህቴን ከመስኮቱ ገፋ አድርገው ራሳቸው ቦታዋን ያዙ። «እኔን ይይ» አሉ። «ልጄ ነው የሚሆነው። አንቺ ከጎን ሆነሽ ንገሪኝ፤ እጁ የኔ ይሁን።»

ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ሌላ ነበር። ሴትየዋ በእያንዳንዷ ጠጠር ይጠቁማሉ። መዳፋቸውን ሲለጥፉ መስታወቱን ሊያወጡት የፈለጉ ይመስላሉ። እህቴ ከጎን ስትጮህባቸው ይታየኛል፣ እሳቸውም መልሰው ይጮኹባታል፤ ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ባለፈን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ራሱ ይስበኛል፣ ከዚያ ወደ ጥግ ይገፈትረኛል። መሪውን አጥብቄ አልያዝኩም፤ አጥብቆ የያዘ ሰው ግፊቱን ወደ ጎማው ያወርደዋል። ክርኔን አላልቼ ግፊቱ በትከሻዬ እንዲያልፍ ተውኩት።

ሲሚንቶው የፈሰሰበት ቦታ ስንደርስ መዳፋቸው ቀደም ብሎ ተለጠፈ። ቀነስን፣ በአንደኛው ጥግ አለፍን፣ ጣታቸው ተሽከረከረ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቅድም ያልሄድኩበት ነው። የግራ ባቴ ተቋጠረ። ፔዳሉን በቀኙ ብቻ እየገፋሁ ግራውን አስከተልኩት። ሽታው ሳሳ። ነፋሱ ከግራ ትከሻዬ በኩል ገባ። ቀና ስል የሴትየዋ ጡጫ መስታወቱን ይደበድባል። ይህን ምልክት ማንም አላስተማራቸውም። በትክክል ምን እንዳሉኝ አላውቅም፤ እኔ ግን ከወንበሬ ተነሳሁና ባቴ እየጮኸ ያቺን አንድ ክንድ መልሼ ዘጋኋት። ሙቀቱ ፊቴ ላይ እኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ረገጥኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ያ ጡጫ ነው።

መሐንዲሱ በግራዬ ደርሶ መስኮቱን አውርዶ ነበር። «ጨረስክ! ምልክቱን አልፈሃል!» አለ። «እሁድ ኢቃማህን ይዘህ ሱቁ ና!» ወዲያው ቀንሶ ከኋላችን ወደ ቀኝ ታጠፈና ሄደ። ሚኒባሱ ቆሞ ብስክሌቴን ውስጥ ሲያስገቡልኝ እግሬ ደረጃውን መውጣት አቃተው፤ እህቴና አንዲት ሌላ ሴት በብብቴ ይዘው አስገቡኝ።

መካ ስንደርስ ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ ተጀምሯል። ወደ ሐረም የሚወስደው መንገድ በሰው ተዘግቶ ነበር። በተዘጉ ሱቆች መካከል፣ አስፋልት ላይ፣ ካርቶን አንጥፈን ሰገድን። ሱጁድ ስወርድ ሙቀቱ በካርቶኑ አልፎ ግንባሬን አቃጠለኝ። ሴቶቹ ከኋላችን ጠባብ ጥላ ውስጥ ተጠጋግተው ነበሩ።

ከሶላት በኋላ ለዑምራው ሄዱ። እኔ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ፣ የለበስኩትም ጠባብ የብስክሌት ልብስ ስለሆነ ከሹፌሩ ጋር ሚኒባሱ ውስጥ ቀረሁ። ትልቋ ሴት ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ሐረም ውስጥ ሲጮህብኝ አልወድም» አሉ። «ማዳም ትደውላለች። አታንሳው።»

«ብትቆጣስ፣ እትዬ?»

«ትቆጣለች እንጂ። ልማዷ ነው።» ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። «ባትህን እሸው» ብለውኝ ከእህቴ ጋር ሰዉ ውስጥ ገቡ።

ስልኩ መጮህ የጀመረው ዐስር ሳይደርስ ነው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የማዳማቸው ስም በዓረብኛ ይበራል። ሹፌሩ «አንሳውና መንገድ ላይ ናቸው በል» አለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ «አጥፋው» አለኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። አታንሳው እንጂ አጥፋው አላሉኝም።

የዐስር አዛን ተሰማ። ሰገድን፣ ተመለስን። ስልኩ መዳፌ ውስጥ ግሎ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ መሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። በራሴ ስልክ ወደ እህቴ ደወልኩ። ከጀርባዋ የሰው ድምፅ እንደ ጎርፍ ይሰማል።

«የት ናችሁ? ማዳማቸው መደወል አላቆመችም።»

«ገና ጠዋፍ ላይ ናቸው» አለችኝ። «ግፊያው አይጣል ነው፤ አንዴ ወድቀው አንስተናቸዋል። በቃ እንውጣ ብላቸው እጄን አስለቀቁኝ። ሰባቱን ዙር ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።»

የሰማሁትን ለሹፌሩ ነገርኩት። እጄ ላይ ያለው ስልክ እንደገና ጮኸ። ሹፌሩ ስልኩን አየ፣ ሴቶቹ ወደ ሄዱበት መንገድ አየ፣ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።