ከላይ የተለሰነው ጭስ ማውጫ

ጭሮ ውስጥ የምንኖርበት የድንጋይ ቤት ጣሊያን የሠራው ነው ይባላል። ጣሊያን ለእኛ አስቦ ከተወልን ነገር አንዱ ከማድቤቱ ጣሪያ በላይ ብቅ ያለው የድንጋይ ጭስ ማውጫ ነው። ባለፈው ክረምት ጫፉ ተሰነጣጥቆ ወደ ጎረቤት ዘመመ። ዝናቡም በእሱ እየገባ ምድጃዬን ያጠፋው ጀመር።

ግንበኛ አስጠራሁ። ሰውዬው ወጥቶ አየና፣ "የላሉት ድንጋዮች ወርደው እንደገና መገንባት አለባቸው። ከላይም ጭሱ በሥሩ እንዲወጣ እግር ያለው የቆርቆሮ ቆብ ይደረግለታል" አለ።

ባለቤቴ በትዕግሥት አዳመጠው። ባለቤቴ ጫት ነጋዴ ነው፤ ከግንባታ ጋር ያለው ዝምድና ስሚንቶ የጫነ መኪና ሲያልፍ በዓይኑ መሸኘት ነው። ግንበኛው እንደሄደ፣

"አቦ፣ ለዚች ነው እንዴ? እኔው እሠራታለሁ!" አለኝ።

"መሰላል ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?"

"መሰላል ደግሞ ትምህርት ቤት አለው?"

እሑድ ጠዋት ቢስሚላህ ብሎ ወጣ። ሰፈሩ ከታች ተሰብስቦ፣ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ እያለ ይመራው ነበር። ባለቤቴ ማንንም አላስቀየመም፤ ሁሉንም እሺ አለ። ከዙህር ሶላት በኋላ እንደ ሐውልት ስሚንቶ ለብሶ ወረደ። የጭስ ማውጫውን አፍ በቆርቆሮ ደፍኖ፣ ከላይ ለስኖታል። እውነቱን ለመናገር ልስኑ ያምር ነበር። ጉድለቱ ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ዘነበ። አንድ ጠብታ አልገባም። ባለቤቴ ጠዋት አንገቱን አቅንቶ ምድጃውን ጎበኘ። እሳት ሳነድ ግን ማድቤቱ ጠፋብኝ።

"እንጨቱ እርጥብ ነው" አለ። ደረቅ አመጣሁ። "የተራራው ነፋስ ነው" አለ። ነፋሱም ቆመ። "በቃ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል።"

"ማን ነው የሚለምደው? እኔ ወይስ ጭሱ?"

"ሁለታችሁም።"

በዚያው ሳምንት እናቱ ከበደሳ ከተማ መጡ። እንደ ልማዳቸው ሳሎን አልቀመጥም ብለው ማድቤት ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ወጡ ሳይፈላ እሳቸው ማሳል ጀመሩ፤ በመስኮት የሚትጎለጎለውን ጭስ ያዩ ጎረቤቶች ደግሞ "እሳት! እሳት!" እያሉ ጀሪካን ይዘው ገቡ። ምድጃዬንም፣ ወጤንም፣ የአማቴንም ቀሚስ አጠፉልን። አላህ ይስጣቸው።

አማቴ ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ልጃቸውን ጠሩት።

"ልጄ፣ ዝናቡን ከለከልከው፤ ማሻአላህ። ጭሱንስ በየት ሂድ አልከው?"

"በመስኮት ይወጣል እማ።"

"እንግዲያው አንተም ውጣና ክፈተው!"

መዶሻ ይዞ ወጣ። እኛን ከማድቤት አስወጥቶ አንድ ጊዜ ቢመታው፣ ልስኑ ከላሉት ድንጋዮች ጋር ተንዶ ምድጃው ላይ ወረደ። ድስቴ ተጨፈለቀ። አቧራው ሲበርድ ገብተን ቀና ብንል፣ በቀዳዳው የባለቤቴ ፊት ይታያል።

"እማ! ደህና ናችሁ?"

አማቴ መሬት እስኪቀመጡ ሳቁ። እኔ ለድስቴ ልቆጣ ብዬ ነበር፤ የዚያን ሰው ድንጋጤ ሳይ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

ግንበኛው ተመልሶ መጥቶ የዘመመውን አፈረሰ፣ እንደገና ገነባ፣ ቆቡንም አቆመለት። ጭሱ አሁን ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በቀደም ቦኬ የሚኖር አንድ የጫት ደንበኛው ለባለቤቴ ደውሎ፣ የአሮጌ ቤቱ ጭስ ማውጫ እንደተሰነጠቀ ነገረው። "ባለሙያ ጥራ" ይለዋል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

"አቦ፣ አታስብ! እኔ ራሴ እመጣለሁ። መሰላል አለህ?"

ሄደ። እኔም ለቦኬው ሰው ሚስት ዱዓ አደረግሁላት።