ከቡሬ ያልመጣችው ንብ

ጣዝማ ፍለጋ ላይ የሚስተካከለኝ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም፤ አሁንም የለም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ የንብን ጠባይም ማንም አላስተማረኝም። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል መሬት ላይ ተንበርክኬ ጣዝማዋ የምትገባበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ሳገኘው ረጅም የስንደዶ ሣር እሰድበትና እሱን እየተከተልኩ እቆፍራለሁ። ይህን የማያውቅ ቆፋሪ ቀዳዳው በአፈር ይደፈንበትና ማሩን ሳያይ ይመለሳል።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አብራኝ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ላህ ወንዝ ዳር ካለ ቀይ አፈር ላይ ስቆፍር፣

«አንተ የንብ ሊቅ! ከጣዝማዋ ኋላ የምትገባዋ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

ቀና ብዬ ሳይ ትንኝ የምታክል ጥቁር ንብ ናት።

«ልጇ ትሆናለች» አልኳት።

«ስትነክሳት አታይም? ልጅ እናቱን ይነክሳል?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነበር፤ የጣዝማን ማር እየዘረፈች የምትኖር ንብ ናት። ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ስትይዛት አንድ ክንፏ ተቀደደ። ንቧን በብልቃጥ አድርጌ በገበያ ቀን ቡሬ ወሰድኳትና ነፍሳት ለሚሰበስብ እንግዳ ሰጠኋት።

ዘንድሮ የዚያ ሰው ስብስብ ቡሬ አንድ ትንሽ ሙዚየም ገብቷል ሲሉኝ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ንብ መሐል ወዲያው ለየኋት፤ በስፒል ተወግታ፣ ክንፏም እንደተቀደደ ነው። ከሥሯ ያለችው ብጣሽ ወረቀት ግን «ቡሬ» ትላለች። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ቡሬ ገበያ የወጣ በርበሬ ከየትም ይምጣ የቡሬ በርበሬ ይባላል። ንቧም እንደ በርበሬው ሆነች።

ለበርበሬው ግድ የለኝም። ያ ቀይ አፈር ግን ዛሬ ባሕር ዛፍ ለብሷል፤ ጣዝማዋም ባለቤቴም የሉም። ያቺ ወረቀት ካልተናገረች እዚያ እንደነበርን ማን ያውቃል?

«ይቺን ወረቀት አንሺልኝ» አልኳት የሙዚየሙን ኃላፊ።

«አባባ፣ የድሮው ወረቀት አይነሳም። ከሥሩ ሌላ እንጨምራለን፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወንዙን፣ አፈሩን፣ የክንፏን መቀደድ ነገርኳት። በደቃቅ ፊደል ጻፈችው።

«የያዛት ሰው ስም ቀርቷል። ቦታው ለአንድ ስም ብቻ ነው የሚበቃው፤ የእርስዎን ልጻፍ?»

ስሜ ሙዚየም ውስጥ! ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የባለቤቴን ጻፊ» አልኳት። «እኔንማ አገር ያውቀኛል።»

ጽፋ ስትጨርስ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነውና፣ አነበበችልኝ። ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት።