የሙሽራ ቅባትና የሸዋርካብሽ እጅ

ሸዋርካብሽ ከደሴ መጥታ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ ኸድራ የውበት ሳሎን ስትቀጠር ሁለት ሥራ ተሰጣት። አንዱ ሂና ነው፤ ሙሽራ መዳፍ ላይ የምትጥለው ሐረግ ከፀጉር የቀጠነ ነበር። ሌላው የሳሎኑን ኩራት፣ ፊት የሚያነጣውን ቅባት መቀላቀል ነው። የት እንደተሠሩ እንኳ ከማይናገሩ ቆርቆሮዎች ዛቅ ዛቅ አድርጋ ሳፋ ውስጥ በባዶ እጇ ታሸዋለች። ጓንት? ጅግጅጋ ያደገችው፣ አማርኛዋ የማይነጥፈው የሳሎኑ ባለቤት ኸድራ "ጓንት ቅባት ይጠጣል" ብላ ከልክላለች።

ሙሽሮቹ ነጡ። ከሠርጉ በኋላ ፊታቸው ወደ ድሮው ሲመለስ ደግሞ ሊጨምሩ መጡ። ንግድ ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ የሸዋርካብሽ ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ሐረጉ ሞገድ ሲሠራ ደንበኞች "አዲስ ፋሽን ነው" ብለው ወደዱት። ኋላ አንዲት ሙሽራ መዳፏን አይታ "ይኼን ዶሮ ናት የጫረችው?" ስትል ፋሽኑ አበቃ። ሸዋርካብሽን አፏ ብረት ብረት ይላታል፣ እንቅልፍም የላትም፤ ከሁሉ ያስጨነቃት ግን እጇ ነው። ያለ እጇ እዚህ አገር ማን ናት?

ጎንደር ሕክምና የተማረችው ዶክተር ዓኒሳ መረመረቻትና "ሜርኩሪ ነው" አለቻት። "ከቅባቱ በቆዳሽ የገባ ብረት ነው፤ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። ይኼ እንክብል ያገኘውን ብረት እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ይዞ በሽንት ያስወጣልሻል። መጀመሪያ ግን ቅባቱን ተዪ።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ስትነገር ሸዋርካብሽ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር።

ጠዋት እንክብሏን ትውጣለች፣ ከሰዓት ቅባቷን ታሻለች። በእሷ ስሌት አንዱ ሲያስገባ ሌላው ያስወጣል፤ ማንም አይጎዳም።

እንክብሉ የገማ እንቁላል ይሸታል። ቆይቶ እሷም እንደዚያው ሸተተች።

"ሱብሃነላህ!" ኸድራ አፍንጫዋን ያዘች። "ሸዋ፣ ሳሎኔን መርዝ አደረግሽው እኮ!"

"መርዙስ ሳፋው ውስጥ ነው፣ እትዬ።"

"እሱ ቢያንስ ጽጌረዳ ይሸታል!"

መድኃኒቱ አለቀ፤ ጣቶቿ ግን ያው ናቸው። ዶክተር ዓኒሳ አዲሱን ውጤት አየች፤ ቀጥላ የሸዋርካብሽ ጥፍሮች ሥር የተጋገረውን ነጭ ነገር አየች።

"እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ሥራ ነው።"

"እንክብሉ ጠዋት ጠርጎ ያወጣውን አንቺ ከሰዓት መልሰሽ ታስገቢያለሽ! ታዲያ ለምን ዋጥሽው፣ ለሽታው? ቅባቱን ካልተውሽ ሁለተኛ ዙር አልሰጥሽም።"

በማግስቱ ኢፍራህ የምትባል ሙሽራ ቅባቱንም ሂናውንም ፈልጋ መጣች። ሸዋርካብሽ ሳፋውን ወደ ኸድራ ገፋችው።

"እትዬ፣ እጄ እንዲረጋልኝ እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ ይኼን አልነካም።"

"ወላሂ ጠግበሻል!" ኸድራ እጅጌዋን ሰበሰበች። "ከአንቺ በፊት ማን ያሸው የነበረ መሰለሽ?"

ማንኪያውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። ማንኪያው ከጠርዙ ጋር ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። ኢፍራህ አየች። ሸዋርካብሽ አየች። በመጨረሻ ኸድራ ራሷ የገዛ እጇን አየች።

"ቁርስ ስላልበላሁ ነው።"

"እኔም ቁርስ መስሎኝ ነበር።"

"ለእኔ ሂናው ይበቃኛል" አለች ኢፍራህ ቀስ ብላ፣ ወንበሯን ከሳፋው እያራቀች።

ኸድራ ማንኪያውን አስቀመጠች። "ያ የሚገማው እንክብል..." አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የት ነው የሚገኘው?"

"ዶክተር ዓኒሳ ጋ ነው። መጀመሪያ ግን ቅባቱን ተዪ ትልሻለች። ቦርሳሽን ሳትዘጊ ስሚያት፣ እትዬ።"