ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ማተብ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ከጎጃም ተመድቤ ነቀምቴ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የአንገቴ ክር በላላ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልረሳው አልቻልኩም።

ጨለለቂ ሰፈር የሚኖሩትን የኦቦ ነገሪን ልጅ ሌንሴን ወደድኩ። ኦቦ ነገሪ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ማርያም ደብር ያደግሁ ነኝ። ሌንሴ «አባቴ ከፈቀደ እሺ ነኝ» ብላኛለች። ጭንቁ አባትየው ላይ ነበር።

አብሮኝ የሚያስተምር የሸዋ ሰው መከረኝ። «የሚሲዮን ሰው ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። «ጠላ ከሸተተው በር ይዘጋል፣ ጾም ስትለው ይስቃል፣ ማተብ ካየ ልጁን አይሰጥም።» እርግጠኛ ስለነበር አመንኩት። አንድም ቀን ቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ የሰማሁት ኋላ ነው።

እሑድ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። መጠጥ እንዳይነኩ፣ ማርያምን እንዳይጠሩ፣ ማተባቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ እንዲሸሽጉ ለመንኳቸው። አንደኛው «ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ልንሰርቅ?» አሉኝ፤ ግን እሺ አሉ።

ቶሎ ተመለሱ። ፈርሶ የሚባለው የአገሩ ጠላ ቀርቦላቸው አንጠጣም ብለዋል። ኦቦ ነገሪም «ልጁ ራሱ ዓርብ ይምጣ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ካንዳቸው አንገት ላይ ማተብ ብቅ ብሎ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ዓርብ የራሴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ሄድኩ።

ኦቦ ነገሪ ፈርሷቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወንድማቸውም ወንጌላዊ ናቸው፤ እሳቸው ግን መጠጥ በደጃቸው አያልፍም፣ ውሃ ይዘዋል። እናትየው እንደኔው ዓርብን ጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ትልቁ ልጃቸው ጓዳ ውስጥ እየጮኸ ይጸልያል። አባትየው «ቀስ በል፣ እግዚአብሔር ጆሮው አልደነቆረም» ይሉታል። የዚያ የሸዋ ሰው ትምህርት በሙሉ የሚገጥመው አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

«ታኢ፣ ኢልማ ኮ። ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ ኦቦ ነገሪ። አንገቴን አዩት። «ማተብህስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ለምን?»

«ያስከፋዎታል ብዬ።»

ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እኔ የኔን የፈታሁት አምኜበት ነው፤ አባቴ ዓመት ሙሉ አላናገሩኝም። አንተ የፈታኸው ለልጄ ብለህ ነው። ላንዷ ብሎ የፈታ ለሌላዋም ይፈታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ልጅ አልሰጥም።»

ሌንሴ ከጓዳ በር ሆና ትሰማለች። ማተቤን አወጣሁና ለማሰር ሞከርኩ፤ ክሩ አልቋጠር አለኝ። ያኔ ውሃ የያዙት ወንድማቸው ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«እኔ በማተብ አላምንም» አሉና አጥብቀው ቋጠሩልኝ።

ኦቦ ነገሪ ቋጠሮውን አይተው ዋንጫቸውን መልሰው አነሡ። በመጨረሻ «በሚመጣው እሑድ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ» አሉኝ። «የሚጠጣው ይጠጣ፣ የማይጠጣው ይተው። ግን እንዳሉ ይምጡ።»

ያን ቀን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ሰዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ስችል ከማያውቃቸው ሰው ተምሬ ሄድኩ።

ሌንሴ እስከ ዛሬ ማተብ አታስርም። የኔ ክር ሲያልቅ ግን ገበያ ወርዳ የምትገዛልኝ እሷ ናት። ጥቁሩን ነው የምትመርጠው፤ እድፍ አያሳይም ትላለች።