የሽመላዋ አፍ

ሳን ሆዜ በሚገኝ የጃፓን ሙሽሮች ልብስ መጠገኛ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ኬይኮ መርፌ አልሰጡኝም። መጀመሪያ ጥፍሬን አስቆረጡኝ፤ ቀጥሎ ቀለበቴን አስወለቁኝ። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የሙሽራ ካባ በወርቅ ክር የጠለፍኩ ሰው ነኝና ከነከነኝ።

"ቻል ያድርጉት ጋሼ፣ እኔንም እንደዚሁ ነው ትሬይን ያደረጉኝ" አለችኝ አስቴር። እዚያው ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ሥራውን ያገኘችልኝም የምታስተረጉምልኝም እሷው ነች።

የጃፓን ሙሽራ ከላይ የምትደርበው ልብስ ከእኛ ካባ ይከብዳል፤ ጫፉ ጥጥ ተሞልቶ መሬት ይጎተታል። ኬይኮ ጥልፉን አስተማሩኝ፤ ጥዱ ጽናት፣ ኤሊው ረጅም ዕድሜ፣ ሁለቱ ሽመላዎች ባልና ሚስት ናቸው። ስለ ሽመላዎቹ አፍ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ወር አንዲት የኦክላንድ አሮጊት የተዳሩበትን ቀይ ልብስ አመጡ። ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ልትዳርበት ነው። የታዘዝኩት ከክንፎቹ የተነሳውን የወርቅ ክር መልሼ እንድሰፋ ብቻ ነበር። ስጨርስ የአንዱ ሽመላ አፍ ዝግ፣ የሌላዋ ክፍት ሆኖ አየሁ። በእኛ ካባ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ደንበኛ አይቀበልህም። ክሩ ረግፎ ነው ብዬ ዘጋሁት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ። ይባስ ብዬ አስቴርን ጠርቼ አሳየኋት።

"ዋው ጋሼ፣ ፐርፌክት!"

ዓርብ አሮጊቷ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው አፉ ላይ ቆሙ። አስቴር ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ።

"ጋሼ፣ አንዷ ስትናገር አንዱ ያዳምጣል ይላሉ። ሟች ባላቸው ዝምተኛ ነበሩ፤ ተናጋሪዋ እሳቸው። አሁን ማን ይናገር ነው የሚሉት።"

ልጅቷ "ማንም አያየውም" አለቻቸው።

"እኔ አያለሁ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የልብሱ ሐር አርጅቷል፤ ስፈታው ቢቀደድ ደግሞ ሠርጉ ነገ ነው። ኬይኮ ትንሿን መቀስ ሰጡኝ፤ "አንተ ዘጋኸው፣ አንተው ክፈተው።"

አሮጊቷ ከጎኔ ተቀመጡ። ስፌቱን አንድ በአንድ እየቆረጥኩ በወረንጦ ሳብኩ። ሐሩ ቻለ፤ የመርፌዬ ቀዳዳዎች ግን ቀሩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁ።

"ባሌ ቢኖር ያመሰግንህ ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳ አፌን ማዘጋት አልቻለም" አሉኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ያ ጠረጴዛ ይናፍቀኛል። አዲስ ለሚገባ ጠላፊ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ መርፌ ከማንሳትህ በፊት የተጎዳው የቱ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቅ።