ቴፑ ያልረሳው ስልክ

ስለ ስልክ ነው የምጽፈው። መጀመሪያው ላይ ለሳቅ የሚሆን ነገር ጥቂት አለው፤ ከዚያ በኋላ የለውም።

ሥራዬ ከግራናና ከመርሳ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫንኩ ወልዲያ ማድረስ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ። ገበሬው ይደውላል፣ ነጋዴው ይደውላል፣ ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሹፌር አይወድም። ስለዚህ የፒካፔን ቴፕ ከስልኬ ጋር በብሉቱዝ አገናኝቼ፣ የደወለው ሰው ድምፅ በመኪናው ስፒከር እየወጣ አወራለሁ። አሮጌው ስልኬና ቴፑ አምስት ዓመት ተስማምተው ኖረዋል። ቁልፍ ሳዞር ቴፑ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ትላለች፣ በቃ፣ ተያያዙ ማለት ነው።

አዲሱን ስልክ የገዛሁ ዕለት ሻጩ ካርቶኑን ፊቴ ቀደደልኝ፣ ላስቲኩን ላጠልኝ፣ እኔም እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቄ ወጣሁ። በማግስቱ ጣጣው ጀመረ። ጠዋት ይያያዛል፣ መናኸሪያውን ሳላልፍ ይለቃል። መንዙማ ስከፍት አንዱን ስንኝ ያሰማኝና ሁለተኛውን ይውጠዋል። ነጋዴ ደውሎ የቲማቲሙን ዋጋ ሊነግረኝ ሲል ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ዝም። ከእጅ አይሻል ዶማ! ዘግቼ ከፈትኩት። ብሉቱዙን አጥፍቼ አበራሁት። ባትሪ ቆጣቢውን አነሳሁ፣ ካቨሩን አወለቅኩ፣ አንዴ ዳሽቦርድ ላይ አንዴ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሰደብኩትም። ሚስቴ ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ስሳደብ ሰምታ፣ “ከእኔ ጋር እንኳን እንዲህ አትጨቃጨቅም” አለችኝ።

በመጨረሻ ስልክ የምትጠግን ሴት ዘንድ ሄድኩ። ከሱቋ ወጥታ ጋቢና ገባች፣ ቴፑን ነካካችው፣ ስልኩን ነካካችው።

“ስልኩ ጤነኛ ነው” አለችኝ። “ችግሩ ቴፑ ላይ ነው። የድሮ ስልክህን ስም ይዞ ቁጭ ብሏል። መኪናው በተነሳ ቁጥር የሚፈልገው እሱን ነው። ሲያጣው ወደዚህኛው ይመጣል፣ ተመልሶ ደግሞ ፍለጋውን ይቀጥላል። የያዘውን ሁሉ እናጥፋለትና እንደ አዲስ ይተዋወቁ።”

ሁሉ ሲጠፋ የሬዲዮ ጣቢያዎቼም አብረው እንደሚጠፉ ነገረችኝ። እኔ ግትር ነኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። አምስት ዓመት ያገለገለኝን ቴፕ ትናንት ለመጣ ስልክ ብዬ ላስነካው? “ቴፔን ተዪው፣ ስልኩን ሥሪ” አልኳት። “ያልታመመ አይታከምም” ብላ ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ሱቋ ገባች።

አሮጌውን ስልክ ለአረፋ በዓል ግራና ለሚኖሩት አጎቴ ሰጥቻቸው ነበር። ሲም ካርዳቸውን አስገባሁላቸው፣ ሲደወል እንዴት እንደሚነሳ አሳየኋቸው፣ ሌላውን እንዳለ ተውኩት።

አክስቴ የእኚህ አጎቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ “ልጄ” ብሎ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም እንደ ሀገሩ ልጅ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገብቷል። ያን ሰሞን አክስቴ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ወልዲያ እኔ ቤት ነበሩ። ልጁ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በእኔ ስልክ ይደውልላቸዋል። እሳቸውም ከሶላት ተነስተው ሳይናገሩ አጠገቤ መጥተው ይቀመጣሉ፤ መጠየቅ ያፍራሉ።

አንድ ሐሙስ ገበያ ውስጥ ቆሜ አጎቴ ደወሉልኝ። ልጁ በሰው ሀገር ታሞ ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል። አብረውት የነበሩ የሀገር ልጆች ናቸው የነገሯቸው። ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ “ያንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው” አሉኝ። “እሷ ሳትሰማ አምጣልኝ። ቅዳሜ ጠዋት።”

እኛ ዘንድ ሰው ልጁን ማጣቱን መንገድ ላይ አይሰማም። እቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ደጋፊ ግራና ቀኙ ተቀምጦ፣ ትልቅ ሰው በአላህ ስም ጀምሮ ነው የሚያረዳው። ሲወድቅ የሚይዘው አለ፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ አለ። ያ ከሌለ መርዶ አይባልም፣ ዱላ ነው። ለአክስቴ ይህን ማድረግ ብቻ ነበር የቀረልን፤ ሬሳው እንኳ የለም።

ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ እንደልማዳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስልኩ ዝም አለ። ቆዩና፣ “ዛሬ ምነው?” አሉ።

“ይሄ ስልክ ነው፣ አክስቴ” አልኳቸው። “ያዩት የለም እንዴ፣ ስንት ቀን ሲያስቸግረኝ? እሱ ደውሎ አልገባለት ብሎ ይሆናል።”

“ምን ያለውን አመጣህ ደግሞ! የድሮው ይሻልህ ነበር” አሉና ተነስተው ሄዱ። ስልኩ መጥፎ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ በዚያም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ግራና የምንሄድበትን ምክንያት የመሬት ደብተር አደረግነው። ቀበሌው ባለይዞታዎችን ፎቶ እያነሳ ነው፣ ቅዳሜ ካልደረሱ ያመልጥዎታል አልኳቸው። ሌሊቱን ነጭ ሻሻቸውን አጥበው አሰጡት። ጠዋት አስረውት ወጡና ሚስቴን፣ “ለፎቶ ይሆናል?” ብለው ጠየቋት። ሚስቴ “ያምራል” አለችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክንሄድ ድረስ አልወጣችም።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት ያውቃል፣ ወተት የምታመጣልን ሴት ታውቃለች፣ ግራና ላይ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እኔ ግን ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር። በመንገድ ላይ አንዱ ደውሎ “አላህ ያጽናችሁ” ቢለኝ፣ ያ ስልክ ደግሞ በእልኩ የዚያን ቀን ብቻ ከቴፑ ጋር ቢስማማስ? ስለዚህ ሞተር ሳላስነሳ ብሉቱዙን አጠፋሁት፣ ድምፁንም ዘጋሁት፣ ኪሴ ከተትኩት። የሠራሁትን ሁለቴ አየሁ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ አክስቴን ከፊት አስቀመጥኳቸው፣ በሩ ላይ ካለው ስፒከር አጠገብ።

እስከ ሲሪንቃ ጥሩ ሄድን። አክስቴ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፣ እኔ “እህ” እላለሁ። አጎቴ ሲሪንቃ ያገባች ልጃቸው ዘንድ አድረው አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሽማግሌ አብሮ መግባት አለበት፤ እኔ ብቻዬን እናትን ወደ ለቅሶ ማስገባት አልችልም። አጎቴ ከኋላ ወንበር ገቡ፣ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ “የደብተሩ ነገር እኮ…” ብለው ጀምረው ተውት። ውሸት አይሆንላቸውም። ጉዟችንን ቀጠልን።

ቴፑ ላይ ሰማያዊዋ መብራት በርታ ነበር። አይቻታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንድትበራልኝ የለመንኳትን መብራት አየሁና፣ የኔ ብሉቱዝ ጠፍቷል ብዬ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

የሲሪንቃን የእርሻ ምርምር ጣቢያ ማሳ ጨርሰን ብዙም ሳንርቅ መኪናው ውስጥ ደወል ጮኸ። በአራቱም በሮች ጮኸ። የኔ መስሎኝ ኪሴን ዳበስኩ፤ ስልኬ ጨለማ ነው። እሱን ሳይ ሁለት ሰከንድ ጠፋችብኝ። አጎቴ ከኋላ ስልካቸውን አውጥተው አነሱ፣ ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ የአክስቴ ባል ወንድም ድምፅ ከግራና መጥቶ ከአክስቴ ጉልበት አጠገብ ወጣ።

“የት ደረሳችሁ? ሸሁ መጥተዋል፣ ሰዉም ጎረቤት ቤት ተሰብስቧል። እሷ አልነቃችም አይደል? አደራ፣ የልጇን መሞት እቤቷ ገብታ ነው የምትሰማው፣ በመንገድ አፍ እንዳያመልጣችሁ…”

“ሃሎ! ሃሎ! ኧረ አይሰማም፣ ጮኽ በል!” ይላሉ አጎቴ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደጫኑ።

የድምፁን ቁልፍ ያዝኩ፣ ብጠመዝዝ አይፈጥንም፣ መዝጊያውን መታሁት። ዝም አለ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ? ደረሰ። ያን አሮጌ ስልክ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ከቴፑ ውስጥ ስሙ ይጥፋ ስባል እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። የራሴን ብሉቱዝ አጥፍቼ ለእሱ ቦታውን የለቀቅኩለትም እኔ ነኝ።

መኪናውን ዳር አቆምኩ። አክስቴን ማየት ፈራሁ። አጎቴ አሁን ገብቷቸዋል፤ ከኋላ “ያ አላህ፣ ያ አላህ” ይላሉ።

አክስቴ ወደ ፊት ነበር የሚያዩት። እጃቸው የበሩን መያዣ ይዟል። የሚጮኹ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

“ለምን ቆምክ?” አሉኝ።

“አክስቴ…”

“ንዳ። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው።”

“አክስቴ፣ ትንሽ ወርደው…”

“የሰማሁት የለም” አሉ። ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜው ነበር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ዞር ሳይሉ ለወንድማቸው፣ “አንተም ዝም በል። እንባህን ጥረግ። ሽማግሌ ነህ፣ እቤቴ ስገባ በወጉ ትነግሩኛላችሁ። መንገድ ላይ እንደ ውሻ አላለቅስም።”

ነዳሁ። ሌላ ምን ላድርግ? መርሳ ስንደርስ ገበያ ነበር፣ መናኸሪያው አጠገብ መንገዱ በአህያና በባጃጅ ተዘግቶ ቆምን። አንዲት የሚያውቋቸው ሴት፣ ወሬው ያልደረሳት፣ የሽንኩርት ዘንቢል ተሸክማ በመስኮቱ ብቅ አለች። “እንዴ! አሰላሙ አለይኩም! ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሀጂው ልጅስ፣ ይደውላል?”

ሴትዮዋ ሳውዲ ላለ ሁሉ ሀጂው ነው የምትለው፣ ስትቀልድ። አክስቴ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው የሴትዮዋን እጅ ያዙ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው” አሉ።

አጎቴ ከኋላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ክላክስ ነፋሁ፣ ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ ነፋሁ።

ከመርሳ እስከ ግራና ያለውን ኮረኮንች ጨረስነው። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ እንኳ አክስቴ “ጉልበቴን” አላሉም። ደጃቸው ስንደርስ እንደታሰበው ማንም ሰው ውጭ አልነበረም፤ ሁሉም ጎረቤት ቤት ተደብቆ ነው። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ገቡ፣ መደባቸው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ሰዉ አንድ በአንድ መግባት ጀመረ። ሴቶቹ ግራና ቀኛቸውን ያዙ። ሸሁ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ አደራ፣ አደራ ስለሚቀበል ጌታ ረጋ ብለው ተናገሩ። አክስቴ እንደ ማንኛውም ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ “ምንድን ነው? ምን መጣ?” አሉ። ሸሁ ነገሯቸው።

ያን ጊዜ ጮኹ። ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ጮኸ። አጎቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን ነበር፣ እርስ በርስ አልተያየንም።

በለቅሶው ሰሞን ሰው ሁሉ ሲያመሰግነን ነበር። “ወላሂ፣ በወጉ ነው የተረዳችው” ይላል የመጣው ሁሉ። የባላቸው ወንድም እጄን ይዞ፣ “አደራህን ተወጥተሃል” አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሱ የራሱ ድምፅ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ አክስቴ እንዳይነገረው አስምለውናል።

ለብቻቸው እስካገኛቸው ሁለት ወር ጠበቅኩ። ግቢያቸው ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅሙ ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩና፣ “አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ስለ ቴፑ፣ ስለ አሮጌው ስልክ፣ ስለ ግትርነቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር። ስጨርስ ሽንብራውን መልቀም ትተው ነበር።

“አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ” አሉኝ። “ያኔውኑ ብያለሁ። በሸሁ ፊት ለነገሩኝ አለቀስኩ፣ ሰዉም አለቀሰልኝ፣ አልሐምዱሊላህ።” ራሴን ዳበሱኝ። “ከሲሪንቃ እስከ እዚህ የያዝኩት ግን አልወጣም። ያኛውን የት ሄጄ ላልቅሰው?”